አባባ ቁልፍ መጫን ጀመሩ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ትላለህ? ባለቤትህስ፣ የሆስፒታሉ የሥራ ፈረቃዋ ተስተካከለላት? ትንሿ ልጃችሁስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ብለኸኝ ነበር፤ በቅሎላት ይሆን? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የአንተ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም። እማዬ ጉልበቷን እያሸች ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትቆጣለች። ስትቆጣ ደህና መሆኗን እናውቃለን።

በስልክ ማውራት እየቻልን ደብዳቤ መጻፌ እንዳይገርምህ። በስልክ የአባባን ነገር ሳነሳብህ "መስመሩ እየተቆራረጠ ነው" ትለኛለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። እባክህ ተቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

አባባ ከታመሙ ወዲህ ቀኝ እጃቸው እንዳሰብነው አልተመለሰም። ተመስገን፣ ይራመዳሉ፤ አንደበታቸውም ተፈቷል። ጣቶቻቸው ግን፣ በተለይ አውራ ጣታቸው፣ ደንዝዘዋል። ሐኪሟ ለስላሳ ኳስ ሰጥታ በቀን ሦስት ጊዜ ይጭመቋት ብላቸው ነበር። "እኔ ሕፃን ነኝ ወይ?" ብለው ኳሷን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት። የስፌት መኪናቸው ሽፋኗን ለብሳ ከመስኮቱ ሥር ቆማለች። ፊት ለፊቷ ወንበር ስበው ይቀመጡና ሲያይዋት ይውላሉ። አርባ ዓመት ክር በመርፌ ሲያሾልኩ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ አሁን የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው እማዬ ናት።

እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፤ እጄን አጣጥፌ ማየት አልችልም። በምሠራበት ጥገና ቤት አንድ ደንበኛ ለሁለት ዓመት ሳይወስደው የቀረ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። አለቃዬን ለምኜ አስፈቀድኩ። የድሮ የቴሌቪዥን ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ላይ የሚያስነሳ ፕሮግራም አለ፤ ኢሙሌተር ይሉታል። እሱን ጫንኩና ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የልጅነት ጨዋታችንን፣ ባለ ጃንጥላውን! ከድልድይ ድልድይ የሚዘለውን ያን ድንክ ሰውዬ! ሙዚቃው ሲጀምር አለቃዬ ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "ምነው፣ ኮረንቲ ያዘሽ?" አለኝ።

ችግሩ ጆይስቲኩ ሆነ። የገዛሁት ጆይስቲክ ቁልፎች ላይ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ነው የተጻፈው፤ ጨዋታው ደግሞ "ኤ ተጫን፣ ቢ ተጫን" ይላል። የቱ የቱ እንደሆነ እንዳይምታታ የጆይስቲኩን ሥዕል ከስክሪኑ ግርጌ ማስቀመጥ ይቻላል፤ አንዱን ቁልፍ ስትጫን ሥዕሉ ላይም ያው ቁልፍ ቦግ ይላል። ሥዕሉን ልክ እንደ ልጅነታችን ግራጫ ጆይስቲክ አድርጌ ራሴ ሠራሁት። የመዝለያው ቀይ ቁልፍ በየት በኩል እንደነበር ግን ጠፋኝ። ግማሽ ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባዶ እጄን ጆይስቲክ እንደያዘ ሰው አድርጌ፣ ባለ ጃንጥላውን በሐሳቤ አዘለልኩት። አውራ ጣቴ ወደ ቀኝ ሄደ። እኔ የረሳሁትን ጣቴ አልረሳውም። ምንጣፉ ላይ በደረታችን ተኝተን የምንጫወተው፣ ሰውዬው ሲዘል አንተም አብረህ ብድግ የምትለው፣ እኔ ጉድጓድ ስገባ "ቆይ እኔ ላሻግርልሽ" ብለህ የምትቀማኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት እሑድ ኮምፒውተሩን አባባ ፊት አስቀምጬ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አኖርኩት። "ዕድሜ ልኬን ቁልፍ ስተክል ኖሬ፣ ደግሞ በእርጅናዬ ቁልፍ ልጫን?" አሉ። የእማዬ ሳቅ ከወጥ ቤት ተሰማ። ጆይስቲኩን አንስቼ መጫወት ጀመርኩ፤ ሆን ብዬ በየጉድጓዱ እገባለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወድቅ "አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ የት ነው?" ብለው ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰዱት።

መጀመሪያ ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። "ተጫንኩ እኮ!" ይላሉ፤ አልተጫኑም። ጣታቸው ስለማይሰማቸው ቁልፉን ይንኩት አይንኩት አያውቁም። "አባባ፣ ጣትዎን ይተዉት፤ ሥዕሉ ላይ ይህችን ቀይ ይመልከቱ። ከበራች ተጭነዋል ማለት ነው" አልኳቸው። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ሞከሩ። አልበራችም። ደገሙት። ቦግ አለች፤ ሰውዬውም ዘለለ። "በራች!" ብለው ሲጮኹ እማዬ ምን መጣ ብላ ጭልፋዋን እንደያዘች ሮጣ ገባች። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ናቸው። ባለፈው ሐሙስ የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ራሳቸው ቆለፉ። አዛንፈውታል፤ ግን ቆለፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከትናንት በስቲያ እየተጫወቱ ሳለ ድንገት አቆሙና "መቀሱን ታስታውሻለሽ?" አሉኝ። ክፍል የደገምክ ዕለት የጆይስቲክህን ገመድ በትልቁ የጨርቅ መቀስ ሲቆርጡት ማን ይረሳል? አንተ አላለቀስክም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለታችሁ መካከል ያለው ነገር ሁሉ በእኔና በእማዬ በኩል ሆነ። ከዚህ ቤት ለቀህ ስትሄድ እንኳን ግንባርህን ሳሙህ እንጂ አንድ ቃል አልተለዋወጣችሁም። አባባ እንዲህ አሉ፦ "ውጤቱ ሲመጣ ጎረቤት ፊት አፈርኩ። በእኔ ሐፍረት ነው ልጁን የቀጣሁት። እነግረዋለሁ እያልኩ ስንት ዓመት ሆነኝ?"

ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ዘጠነኛው ድልድይ ላይ፣ ያ የሚሰምጠው ላይ፣ ቆመዋል። "ጀርባዬን ሰጥቼ ስሰፋ 'ዘጠነኛው! ዘጠነኛው!' እያላችሁ ትጮኹ ነበር። ወንድምሽ እንዴት አድርጎ ነበር የሚያሻግርሽ?" ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ዋሸሁ። ጃንጥላውን ከፍቶ ሁለት ጊዜ መዝለል መሆኑን አንተው አሳይተኸኛል። ግን እኔ አልነግራቸውም፤ አንተ ደውለህ ንገራቸው። መቀሱን ማንሳት የለብህም፤ ስለ ድልድዩ ብቻ አውራ። ሲጫወቱ ስክሪኑን የቀዳሁበትን ቪዲዮ በስልክህ ልኬልሃለሁ። ፊታቸው አይታይም፤ ግርጌ ላይ ያለውን ሥዕል ተመልከት። ቀይ በበራ ቁጥር የእሳቸው ጣት ነው።

ባለቤትህን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ትንሿን ጉንጮቿ እስኪቀሉ ሳምልኝ፤ አክስትሽ በጥርስሽ ቦታ ፉጨት ተማሪ ብላሻለች በላት። እማዬ "ወገብህ ላይ ሙቀት አድርግበት፣ ክብደት አታንሳ" ትልሃለች። ባለቤቴም በጣም ሰላም ብሎሃል። አባባን "እርስዎስ ምን ልበልልዎ?" ብዬ ስጠይቃቸው ጆይስቲኩን አስቀመጡ። "ምንም አትጻፊ" አሉኝ። "እኔ በአፌ እነግረዋለሁ።"

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከአባባ የስፌት ክፍል
ኅዳር 14 ቀን