ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች

ውድ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ስለ ዓይንሽ የምነግርሽ ነገር አለ። ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አብረን የሠራንበት የጨርቅ ፋብሪካ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። የቀለም መፈተሻ ክፍላችን፣ ያ ትልቅ መስኮት፣ ጥግ ላይ የተንጠለጠለው ቢጫ አምፖል፣ ዓይንሽን ለማሳረፍ አፍጥጠሽ የምታዪው አመድማ ግድግዳ። "ከግድግዳው ጋር ደግሞ ምን ታወራለች?" እያሉ ይስቁብሽ ነበር። አንቺ ግን እያንዳንዱን ጨርቅ መጀመሪያ በመስኮቱ ብርሃን፣ ቀጥሎም በአምፖሉ ሥር ሳታዪ ማኅተምሽን አታሳርፊም። "ቀን የተስማማ ሁሉ ማታ አይስማማም፤ ባልና ሚስትን እያቸው!" ትዪኝና ራስሽ ቀድመሽ ትስቂያለሽ። ለቀለሞቹ ያወጣሽላቸው ስምስ! አንዱ ቀይ "የአክስቴ ቁጣ" ነበር፤ ያ የገረጣው ግራጫ ደግሞ "ደመወዝ ያለቀ ዕለት"። ሠራተኛው ሁሉ "ዓይናማዋ" ይልሽ ነበር። እኔም እህትሽ በመሆኔ ብቻ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

የቲያትር ቤቱን መጋረጃ አትረሺውም። ሁለት ጣቃ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ከሁለቱም ናሙና ቆርጬ እንዳመጣልሽ ላክሽኝ። ሥራዬ ያው መቁረጥ ነበር። አንደኛው ጣቃ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። መሰላሉን ማን ይጎትታል ብዬ ሁለቱንም ቁራጭ ከታችኛው ቆረጥኩት። ለአንድ ቀን ምን ይመጣል አልኩ። አንቺም በመስኮቱ አየሽው፣ በአምፖሉ አየሽው፣ "እነዚህስ መንታ ናቸው" ብለሽ አተምሽ። መንታ እንዴት አይሆኑ!

መጋረጃው ተሰቅሎ የመድረኩ መብራት ሲበራ ግማሹ ቡኒ ሆነ። አለቃችን ከሁለቱ ጣቃ የተረፉትን ጨርቆች አምፖሉ ሥር ዘረጋቸው፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ቡኒ።

"ይኼን ያላየ ዓይን ምን ሊያይ ነው? ዛሬ ያያል፣ ነገ አያይም። ዓይንሽ ደክሟል፣ እህቴ" አለሽ።

ወደ እኔ ዞረሽ "ከሁለቱም ጣቃ ነው አይደል የቆረጥሽው?" አልሽኝ።

"አዎ" አልኩሽ።

አመንሽኝ። ከገዛ ዓይንሽ ይልቅ እኔን አመንሽ። በወሩ ሥራሽን ለቀሽ ከባልሽ ጋር ሌላ ከተማ ገባሽ፤ ስፌት ቤት ከፈትሽ፤ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባለ አንድ ቀለም ዩኒፎርም ብቻ ትሰፊያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማርሽኝም በዚያው ስፌት ነው። በየወሩ ብር ስትልኪልኝ አንድ ቀን እነግራታለሁ እል ነበር፤ ግን "ደርሶኛል" ብቻ ብዬ እጽፍልሽ ነበር።

ምን እንደምሠራ ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ "ቀለም የሚለይ ማሽን" ከማለት በቀር በቅጡ መልሼልሽ አላውቅም። ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ከጸጉር ሺህ ጊዜ ያህል የሚቀጥኑ ሽቦዎች እንደ ብሩሽ እናቆማለን። ቀጭኑ ሰማያዊውን ብርሃን ይይዛል፣ ወፈር ያለው ቀዩን፣ ከዚያም የሚወፍረው የሰው ዓይን የማያየውን። ድሮ ሻንጣ የሚያክል ካሜራ የሚሠራውን ሥራ በሸሚዝ ቁልፍ በምታህል ነገር ለመሥራት ነው ልፋታችን። ዓይን አንድ ናቸው የሚላቸውን ሁለት ቀለሞች ቺፗ ትለያለች። አንቺ በመስኮትና በአምፖል ስታደርጊው የኖርሽውን ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሲያዩዋቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት የተለያዩ ጨርቆች ልናሳያት ነበር። "አንድ ናቸው" አለች። ደገምነው፤ አሁንም አንድ። ተናድጄ መዝገቡ ላይ "አታይም" ብዬ ጻፍኩና ቺፗን ከሚጣሉት ጋር ልከታት ስል፣ ባልደረባዬ ጭንቅላቱን ይዞ ሳቀ።

"ኧረ ቆይ፣ ቆይ! ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለቱንም ከአንዱ ጨርቅ ነው ለካ የቆረጥኩት። እሷ ምን አደረገች?"

አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ለአንዲት ቺፕ ብሎ ጥፋቱን አመነ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አደረ።

እትዬ፣ ዓይንሽ ደክሞ አያውቅም። ያን ቀን ያየሽው ልክ ነበር፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። ለቀድሞው አለቃችንም ይህንኑ ጽፌ ልኬለታለሁ። ይቅር በዪኝ ለማለት አፈርኩ፤ ግን ይቅር በዪኝ።

የልጅሽ ሠርግ ሊደርስ ነው። ነይ ካልሽኝ እመጣለሁ፤ አትምጪ ብትዪኝም አልፈርድብሽም። ለቀሚሷ ከሁለት ሱቅ ከገዛሽው ጨርቅ ቁራጮቹን ልከሽ "አንድ ዓይነት መሆናቸውን በማሽናችሁ እዪልኝ፤ የኔ ዓይን አይታመንም" ብለሽኝ ነበር። ማሽኑ ላይ አላደረግኳቸውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። አንድ ናቸው ካልሽ አንድ ናቸው።

ታናሽሽ