የቲና ድርሻ

ጥቅምት 6
ዛሬ ሰበታ ገባሁ። ሥራው ቀላል ነው ተብለናል... ልጁ የበላውንና የጠጣውን ያህል እናቱ በዕቃ ታስቀምጥልናለች፣ ቤተ ሙከራው ጥርስ የሚያበላሸውን ፍሎራይድ ይለካል። የደረሰኝ የገለቴ ቤት ነው። ልጇ ቲና ሦስት ዓመቷ። የገለቴ ጥርስ ቡናማ፣ የተቦረቦረ። መቂ አድጋ ውሃው ነው ያበላሸባት። እዚህ ደግሞ የግቢውን ጉድጓድ ይጠጣሉ።
"የኔስ አለፈ። የሷ ግን..." አለችና ቲናን አቀፈቻት። አንጀቴን በላችው።

ጥቅምት 8
ዕቃውን ተቀበልኩ። አቤት አሞላል! ክዳኑ አልገጥም አለኝ። ያቺ ሚጢጢ ይህን ሁሉ ትበላለች? ትብላ እንጂ።

ጥቅምት 20
ውጤት መጣ። ፍሎራይዱ ከምንም አይቆጠርም! ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ጥቅምት 21
ወይ ጉዴ! ውጤቱን ነገርኳት።
"ተመስገን! የጉድጓዱንስ መቼ ትለኩታላችሁ?" አለች ገለቴ።
"ለካነው እኮ!"
"እኔ የሰጠሁሽ የታሸገ ነው፣ ከሱቅ። ምግቡንም በሱ ነው የሠራሁት። ታዲያ ለእንግዳ የጉድጓድ ውሃ ልስጥ?"
ጮህኩባት። "የሚለካው የልጅሽ ጥርስ ነው!" ዓይኗ እንባ አቀረረ... ምን ዓይነት ክፉ አፍ ነው ያለኝ? ባዶ ዕቃ ይዞ ሰው ቤት ገብቶ "ሙዪልኝ" ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም? የኔም እናት፣ ሱሉልታ ያለችው፣ ያንኑ ነበር የምታደርገው። አቅፌ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ጥቅምት 23
እነሱ ቤት ዋልኩ። አንድ ጉርሻ ለቲና፣ አንድ ለዕቃው። ውሃውም እንደዚያው፣ ከጉድጓዱ። ቲና ዕቃውን "ጠገብክ?" ትለዋለች። የገለቴ እጅ አሁንም ለዕቃው ሊጨምር ይሄዳል። "ተይ!" ስላት ትስቃለች። ወደድኳቸው።

ኅዳር 4
አዲሱ ውጤት መጣ። ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። ገንፎው ሳይቀር፣ በዚያው ውሃ ስለተሠራ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ራቅ ብሎ ያለውን የቦኖ ውሃ አስለካሁ፣ ደህና ነው። የቲና ቋሚ ጥርስ ደግሞ ገና ድድ ውስጥ ነው፣ አልረፈደም። ከዚህ ልጀምርላት።

ኅዳር 19
ያኔ ስነግራት አለቀሰች። ዛሬ ሥራ ሳይኖረኝ ጎራ አልኩ። ከቦኖ የመጣው ጄሪካን የቲና ብቻ ሆኗል፣ ለመጠጧም ለምግቧም። ቦኖው ሩቅ ነው፣ ትልልቆቹ ያው ጉድጓዱን ነው የሚጠጡት።
ጠማኝ አልኩ። ገለቴ ለኔ ከጉድጓዱ ቀዳችልኝ።
"ለእንግዳ?" ብዬ ቀለድኩባት።
"የምን እንግዳ! የልጄን ውሃ ልትጨርሺባት ነው? ዱጊ፣ ጠጪ!"
ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።