ያልታመመው ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ጁን 3
ዛሬም የባልደረባዬን የሲታሊን ኮምፒውተር ከቫይረስ ሳጸዳ ዋልኩ። ፍላሹን ገበያው ጋ ያለው ፎቶ ቤት ሰክቶት መጥቶ... ፋይሎቹ ሁሉ ተሰውረዋል። አጠገቤ ቆሞ ያሾፍብኛል።
«ናማሲኩ፣ ያንቺው ምን በልቶ ነው የማይታመመው?»
«ሊኑክስ ነው።»
«የተጠመቀ ነው በይኛ።»
አልተጠመቀም አልኩት። ቫይረስ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ሕዝብ ያለበትን ነው የሚያነጣጥሩት፤ ብዙው ሕዝብ ደግሞ እንደሱ ዊንዶውስ ላይ ነው። የኔው የይለፍ ቃል ካልሰጠሁት እንግዳ ፕሮግራም ሲስተሙን አያስነካም። አለቃችን ሙኬላባይ ከቢሮው ሆኖ «የኔ አፕልስ?» አለ። እሱም ይያዛል፣ እንደ ሲታሊ ግን አይደለም አልኩት። ሳቅን።
ሬዲዮ ጣቢያችን ያሉት ኮምፒውተሮች እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። የአባባን የትረካ ቅጂዎች በሙሉ የኔው ላይ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 6
አባባ ዓሣውን በመረቅ አርሼለት በላ። ሉሳካ ጉሮሮውን ቀዶ ጥገና ካደረጉለት ወዲህ ድምፅ የለውም። ሐሙስ ሐሙስ ግን ሬዲዮኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ራሱን ያዳምጣል። ስንት ዓመት በጣቢያችን የተረከው... ጎርፉ፣ ነገሥታቱ፣ ቀዛፊዎቹ። ዛሬ የራሱ ቀልድ ላይ ሲደርስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ያለ ድምፅ።

ማክሰኞ፣ ጁን 11
ሙኬላባይ የአባባን ፎልደር ለሲታሊ ኮምፒውተር በኔትወርክ ክፈቺለት አለኝ።
«ማዳመጥ ብቻ እንዲችል ላድርገው?»
«ፕሮግራሙን እየቆረጠ የሚያቀናብረው እኮ እሱ ነው። በምን ይቁረጥ? በጥርሱ?»
ከፈትኩለት።

ረቡዕ፣ ጁን 19
ጠፋ። ሁሉም።
ሲታሊ ከእርዳታ ድርጅት የመጣ የስብሰባ ጥሪ መስሎት ኢሜይል ከፈተ። ቫይረሱ ፋይሎቹን ቆለፋቸው። መክፈቻውን ከፈለጋችሁ ዶላር ላኩ የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከዚያ እኔ በከፈትኩለት በኩል አልፎ የአባባን ፎልደር... መጠባበቂያው ዲስክስ? እሱም ሲታሊ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ነበር። የድሮዎቹ ካሴቶች ደግሞ ወደ ኮምፒውተር ከተገለበጡ በኋላ ዘፈን ተቀድቶባቸዋል።
የኔ ኮምፒውተር ምንም አልሆነም። ፈተሽኩት፣ ጤነኛ ነው። ውስጡ ያለው ግን የማይከፈት ኮተት ብቻ። የሙኬላባይ አፕልም ደህና ነው። እሱ ላይ ያለው የልጁ ሠርግ ፎቶ ነው።
«ሊኑክስ አይያዝም ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ ሲታሊ። ሊያሾፍ አይደለም። ዓይኑ ቀልቷል።
አልተያዘም እኮ።

ሐሙስ፣ ጁን 20
ሉሳካ ወዳለ ባለሙያ ደወልኩ። ለዚህኛው ቫይረስ እስካሁን መፍቻ አልተገኘም አለኝ። «ብትከፍሏቸውም ላይመልሱ ይችላሉ። ሌላ ቅጂ የለሽም?»
ከሰዓት ሲታሊ ቤት መጣ። ደጃፉ ላይ ተንበርክኮ ለአክብሮት እጁን አጨበጨበ።
«ንዳቴ፣ ድምፅዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅዎን አይቆጡብኝ።»
ንዳቴ፣ አባቴ ሲለው አባባ ሁልጊዜ ደስ ይለው ነበር፤ እንደ ልጁ ነው የሚያየው። ዛሬ ፊቱ አልፈካም። በእጁ ተነስ አለው፤ ወንበር አሳየው።
የትረካው ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮኑ ዘፈን ለቀቀ። አባባ እስኪያልቅ አዳመጠ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 15
የሲታሊም ኮምፒውተር ሊኑክስ ሆኗል። ያዘዘው ሙኬላባይ ራሱ ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ የሚከራከር የለም። ከቫይረስ የምንጠብቀውም ነገር የለም...
አባባ መጻፍ አያውቅም። ዛሬ ከንፈሩን እያየሁ እኔ ልናገርለት፣ ሲታሊ ሊቀዳ ሞከርን። የጎርፉን ታሪክ እስከ ግማሽ ሄድንበት። የንጉሡ እናት ስም ላይ ቆምን። ደገመልኝ። ቀስ ብሎ፣ አፉን በደንብ ከፍቶ እንደገና ደገመልኝ። አልገባኝም። ሲታሊ በግምት አንድ ስም ጠራ። አባባ በጭራሽ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።
«ስሟን እንለፈው ንዳቴ፣ ይቀጥሉ» አለው ሲታሊ።
አባባ አፉን ገጠመ። ስም ዘሎ ተርኮ አያውቅም። ማይኩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ወደኔ ገፋው።
ሲታሊ መቅጃውን አጠፋ።