በአሮጌው ኮፈን ሥር

ጁባ፣ ሙኑኪ
ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.

ከአንድ ማኅፀን ተከትለሽኝ ለመጣሽው፣ ከልጅነት እስከ ሽበት በፍቅር ላልተለየሽኝ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የራቀውን የሚያቀርብ አምላክ ይህን ቃሌን በሰላም ያድርስልሽ እያልሁ፣ ጉልበትሽን ያሠቃይሽ የነበረው ሕመም ተሽሎሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰሽ ለመመለስ ችለሽ እንደ ሆነ እጠይቅሻለሁ። እኔ፣ ምስጋና ለእርሱ ይሁንና፣ በሥጋዬ ደኅና ነኝ።

ስምኦን ስልኩን ስለ ምን አያነሣም፣ ስለ ምንስ ሁልጊዜ አንተ ታነሣለህ ብለሽ መጠየቅሽን፣ እኔም ልጅሽ ራቅ ወዳለ ሥራ ሄዷል እያልሁ መመለሴን አስቤ፣ ዛሬ ስለ አንዲት መኪና ልጽፍልሽ ተቀመጥሁ፤ ዙሪያ ጥምጥም ቢመስልሽም ታገሺኝ።

ማጃክ የሚባል፣ ከእናቱ ጋር በስደት አዲስ አበባ ያደገ፣ አማርኛው ከእኛ የማይለይ የዚህ አገር ሰው፣ አባቱ ወደ ጦርነቱ ሲሄዱ በዘመድ ግቢ የሸሸጓትን ፔጆ 404 ወደ ጋራዣችን ያስጎተታት በኅዳር ነበር። ሞተሯ ዝጎ ስለ ተጣበቀ፣ ከተጋጨ ፒክአፕ የወጣ ጉልበታም የቶዮታ ሞተር እንድንገጥምላት፣ ከውጭ ግን አንዲት ጭረት እንኳ እንዳንነካ አጥብቆ አሳሰበን። እናቱ ወይዘሮ ክርስቲና ባላቸው ከጦርነቱ ተርፈው በሰሜን እንዳሉ እንደሚያምኑ፣ መሞታቸውን እርሱ ከሰማ ዓመታት ቢያልፉም ሊነግራቸው አንጀቱ እንዳልቻለ፣ መኪናዋን እንደ ጥንቷ ሆና ሲያዩ ግን ጥቂት ይጽናኑ እንደ ሆነ ተስፋ ማድረጉን አጫወተን።

ስምኦን ሥራውን ወደደው። ካምቢዮውን ከአዲሱ ሞተር ጋር ለማጋጠም ላሜራ እየቆረጠ ሲበይድ፣ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፍቶ ቦታ ሲያበጅ፣ በግራ በሯ ላይ ያለውን ስርጉድና ፀሐይ ያነጣውን ሰማያዊ ቀለሟን ግን እንደ ንዋየ ቅድሳት በጨርቅ ሸፍኖ ሲጠብቅ ብታዪው፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ትለዪ ነበር። ማጃክም በመጣ ቁጥር፣ «ኻላስ፣ አለቀ ጋሼ፣ ይሄ ልጅ መኪናዬን አግብቷታል፤ የጥሎሹን ከብቶች መቼ ነው የሚነዳልኝ?» እያለ ያስቀን ነበር።

ለገና ሳምንት ሲቀረው ስምኦንን ትኩሳት ያዘው። ሞተሩ ገና በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ፣ የጭስ ማውጫ ማርሚታውን እንዳልቀይር፣ መኪናዋ ከድሮ ድምፅዋ ጥቂት እንኳ እንዲቀርላት ከአልጋው ሆኖ አሳሰበኝ። የቀረውን ብሎን ሁሉ ብቻዬን አሰርሁት።

ባለፈው እሑድ ከማጃክ ጋር መኪናዋን ወደ እናቱ ግቢ ነዳናት። ወይዘሮ ክርስቲና በሩን ዳስሰው ስርጉዱን ሲያገኙት ሳቁ፤ ባላቸው ከየትኛው ዛፍ ጋር እንዳጋጯትም ተረኩልን። ማጃክ ሞተሩን ሲያስነሣው ግን ሳቃቸው ተቋረጠ። ኮፈኑን አስከፍተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ እኔም እንድሰማ ነው መሰለኝ፣ በአማርኛ፣

«አባትህ ይህን ኮፈን ለወንድሙ እንኳ ከፍቶ አያውቅም፤ በሕይወት ቢኖር ሞተሩን ለማውጣት እጅህ አይደፍርም ነበር» አሉት።

እርሱ አንገቱን ደፋ። እርሳቸው አልጮኹም፤ አላለቀሱም፤ ብቻ፣

«ይህን ሁሉ ዓመት በሕያዋን ጸሎት ስሙን ስጠራ፣ አጠገቤ ቆመህ አሜን ትለኝ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

እህቴ ሆይ፣ ያ ጥያቄ ለልጃቸው የቀረበ ቢሆንም እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አንቺም በየማለዳው የእያንዳንዳችንን ስም እየጠራሽ እንደምትጸልዪ አውቃለሁና፣ የሰው ፊት እንደ ነበረ ጠብቆ የውስጡን መሸሸግ ምሕረት ይመስለኝ የነበረው ሁሉ በዚያ ግቢ ውስጥ ጭካኔ ሆኖ ታየኝ።

ስለዚህ ለፋሲካ ወደ ጁባ እመጣለሁ፣ ለስምኦንም በሶውን አዘጋጅቻለሁ ያልሽኝን ተይው፤ እኔው እመጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ መንገደኛ ነገ ይነሣል፤ እኔ የሚመጣው ዓርብ አዲስ አበባ እገባና፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ከንስሓ አባትሽ ከመምሬ አለባቸውና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ከደጅሽ እደርሳለሁ። ጎረቤትሽ ማናህሎሽ ዓርብ ከአንቺ ዘንድ እንድታድር ለምኛታለሁ። እስከዚያ፣ ስምኦን አብሮኝ ይመጣ እንደ ሆነ በስልክ አትጠይቂኝ። በሩን ስናንኳኳ እርሷ ትክፈት፤ አንቺ ተቀምጠሽ ጠብቂን።

ያን ማለዳ የምትቀበዪበትን ብርታት መድኃኔ ዓለም አስቀድሞ በልብሽ ያኑርልሽ፤ እኔንም ከዓይንሽ ፊት የምቆምበትን አቅም አይንሣኝ። አሜን።

ታላቅ ወንድምሽ