ላሜ ስላልተቀበለችው ምስክር ወረቀት

ለተከበሩ የቆዳ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
አምባ ጊዮርጊስ

ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤናውን ያብዛልዎ፤ እኛ ከፋብሪካው በታች በወንዙ ዳር ያለነው፣ ከሳሉና ከእከኩ በቀር ደህና ነን።

ፋብሪካዎ ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ የአካባቢ አጠባበቅ ምስክር ወረቀት በማግኘቱ የተሰማኝን ደስታ ሳልገልጽ ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል። ስለሆነም ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ለወረቀቱ የመጡት መርማሪዎች በሰነበቱባቸው ሦስት ቀናት ወንዙ ጠርቶ ጠጠሩ ስለታየን እናመሰግናለን። ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቴ የትነበርሽ በሕይወት ሳለች እንዲያ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠቆረ።

፪ኛ/ አቤት ልል ወደ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ብሄድ፣ ወረቀቱ በገዛ ፈቃድ የሚወሰድ ስለሆነ ማስገደድ እንደማይችሉ ነግረው በአክብሮት ሸኙኝ። ወረቀቱን የሰጡት ሰዎች ደግሞ የመሰከሩት ለአሠራርዎ እንጂ ለውኃው እንዳልሆነ አስረዱኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምሁ ሰው ነኝና ነገሩ ይረቅብኛል፤ ላሜም አልተማረችምና መጠጣት የምትፈልገው አሠራሩን ሳይሆን ውኃውን ነው።

፫ኛ/ የቅሬታ ሳጥኑ ከግቢው ውስጥ ስለተሰቀለ፣ ዘበኛው ደግሞ ከሠራተኛ በቀር ስለማያስገባ፣ አንድም ቅሬታ ባለመገኘቱ እንኳን ደስ አለዎ።

አራተኛው በእርስዎ ላይ አይደለም። በፋብሪካው ምረቃ ቀን ሽማግሌ ተብዬ ተነሥቼ የመረቅሁ እኔ ነኝ። ሽታው እያፈነኝ «ያስፋችሁ፣ ያብዛችሁ» አልሁ። ምነው እንዲህ አልሁ ብዬ ራሴን ብመረምር፣ ከፊት ወንበር መቀመጤ ደስ ብሎኝ ኖሯል። ጎረቤቴ አበቡ ባየችኝ ቁጥር «አያ ዕንባቆም፣ እንግዲህ የመረቁትን ይጠጡዋ!» ትለኛለች። ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ፤ ምርቃት እንዴት እንደሚመለስ ግን እሳቸውም አያውቁም።

ላሟን ከጥጃነቷ ያሳደገቻት የትነበርሽ ናት። ከወንዙ አልጠጣ ስላለች በየቀኑ ወደ ላይኛው ምንጭ እነዳታለሁ፤ ዳገቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ጉልበቴም እንቢ ብሏል። ሌላ የምጠይቀው ቢጠፋኝ፣ መርማሪዎቹን በየሳምንቱ እንዲጋብዙልን እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከጥቂት ማቅለሽለሽ ጋር፣
ከፍሳሽዎ በታች የሚኖር ታዛዥዎ፣
ዕንባቆም ላቀው

ማስታወሻ፦ መልስዎ ከዘገየ ላሟን ቅዳሜ ለሥጋ ነጋዴ አስረክባለሁ። ቆዳዋ ዞሮ ከግቢዎ መግባቱ አይቀርም፤ ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። እባክዎ ሲያጥቧት ንጹሕ ውኃ ይፈልጉላት፤ የእርስዎን በሕይወት ሳለች አልደፈረችውም።