ባሕሩን ተሻግራ ወንዙ ላይ ስለቀረችው እህቴ

ለተከበሩ የመንገዳችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነመኪናዎ ጎማ እንደምን ከርመዋል? እኛ የመንዝ ሰዎች ከብርዱና ከጭቃው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን የምጽፍልዎ ለወቀሳ አይደለም፤ ኧረ ምን ቆርጦኝ! ለምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችንን ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። ነሐሴ ላይ እናታችን ወይዘሮ ዘነበች ሲያርፉ፣ ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ ኮከቤ ሳልደርስ አፈር እንዳታለብሷት ብላ በስልክ ለመነችን። የቀብር ነገር የቅሬያችን፣ እናንተ እድር የምትሉት፣ ነውና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። ከዱባይ ቦሌ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ፣ አውሮፕላኑም በአራት ሰዓት እንደሚጨርሰው ሲነገራቸው፣ ከቦሌ እኛ ቀዬ ሦስት መቶ እንኳ የማይሞላው መንገድማ ቁርስ ተበልቶ የሚደረስበት ነው አሉ። የቅሬው ዳኛ አቶ መኳንንትም ባሕር የተሻገረች ልጅ ወንዝ አያቅታትም ብለው ቀብሩን ለማግስቱ እኩለ ቀን ቆረጡ። ምን ያድርጉ፣ መንገድ በኪሎ ሜትር የሚለካ መስሏቸው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ወንዛችን ድልድይ። የመሠረት ድንጋዩን ሲያስቀምጡ አጨብጭበናል፣ በግም አርደንልዎታል። ድንጋዩም ይኸው ስንት ክረምት አልፎበት ንቅንቅ አላለም፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሥራ አይተን አናውቅም። ኮከቤ ሌሊቱን በርራ ጎህ ሲቀድ ቦሌ ወረደች። ከዚያ በአውቶቡስ፣ አውቶቡሱን ጭቃ ሲይዘው በአይሱዙ፣ አይሱዙው እምቢ ሲል በእግሯ መጣች። አስከሬኑ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ጠበቃት፤ ካህናቱም በጾም አንጀታቸው ቆመው ዋሉ። ቀብሩ ሲጀመር እሷ ከወንዙ ማዶ ደረሰች። ወንዙ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዳገት ላይ ነውና ሁሉንም ከማዶ ሆና አየችው። በእኛ አገር ከማዶ ማዶ መጣራት ልማድ ነው፤ የጠፋ በግ እንጠያየቅበታለን፣ ገበያ እንቀጣጠርበታለን። እናት ግን ተቀብራበት አታውቅም። ኮከቤ፣ እማዬ መጣሁልሽ፣ ቆይኝ እያለች ጮኸች፤ እኛም ከወዲህ ጮኽን። ቄሱ ሰምተዋት ጥቂት ቆም አሉ፤ ግን መሽቶ ነበር። አንጀቴ እስከ ዛሬ እርር ይላል፣ ክቡር ሆይ፤ ይህቺን እንኳ በትሕትና ልላት አልቻልኩም።

ሦስተኛውን ትቼዋለሁ፤ የጎርፍ ነገር የፈጣሪ ነው እንዳይሉኝ። ደግሞም ውሃው ጎድሎ ለሠልስቱ ደርሳለች፤ ለዚህም ምስጋናችን ይድረስዎ።

እኛን የነሳንን መንገድ ለእርስዎ በሄዱበት ሁሉ ጨርቅ ያድርግልዎ እያልኩ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
ይታየው ወዳጆ
ከቀየት ገጠር

ማስታወሻ፦ አባታችን አቶ ወዳጆ አሁን ታመዋል። ከአባቶቻቸው ደብር ርቀው ማደር የማይወዱ ሰው ትናንት ጠርተውኝ፣ ነፍሴ ሳትወጣ አዲስ አበባ ውሰደኝ፣ ከአውሮፕላኑ ማረፊያ አጠገብ ካለ ደብር ቅበሩኝ፣ ልጄ የምትደርሰው እዚያ ድረስ ነው አሉኝ። እሺ ብያቸዋለሁ። ቢሮዎ እዚያው ከተማ ነውና እርስዎም ለቀብሩ መድረስ አያቅትዎትም።