ቁጥር ሳንጽፍበት የነቀልነው በረንዳ

ውድ አባቴ፣ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። በሙት ዓመትህ ዕለት ሂትሮው በሚባለው የለንደን አውሮፕላን ጣቢያ የመንገደኞች ማረፊያ ወለል ስወለውል ዋልሁ፤ የስደት ወረቀቴ ወደ አገር ቤት ስለማያስገባኝ በቀብርህም ላይ አልቆምሁም። ዛሬ ደክሞኛል፤ ይሁን እንጂ የምናዘዝልህ ነገር አለኝና ከዚህ በላይ ላቆየው አልቻልሁም።

ቤታችን ፈርሷል። ቅርስ ነው፣ አይነካም ሲባል የኖረው ፎቅ ቤት መንገዱ ሲሰፋ ከሰፈሩ ጋር አብሮ ተነሣ። እማዬ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች። ቤቱ አይከፋም፤ ነገር ግን ጎረቤቶቿ በየሳይቱ ተበትነዋል፤ ቤተ ክርስቲያኗን ለመሳለምም ሦስት ታክሲ ትይዛለች።

የተረፈው አንተ ስትጠግነው የኖርኸው የእንጨት በረንዳ ብቻ ነው። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ካንተ ጋር አናጢነት መሥራት ስጀምር መጀመሪያ ያስተማርኸኝ መጋዝ መያዝ ሳይሆን ቁጥር መጻፍ ነበር። አሮጌ በረንዳ ስንጠግን እያንዳንዱ እንጨት ከመነቀሉ በፊት ከጀርባው በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከበሩ ጀምሮ ወደ ግራ። ቢመሳሰሉም ፀሐይና ዝናብ ሁሉንም በየቦታው አጣሞታልና አንዱ የሌላውን ቦታ አይቀበልም። «እንጨት አፍ የለውም፤ አንተ ጻፍለት» ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሰንፌ ሁለቱን ዘለልሁ። አልተቆጣኸኝም፤ እስኪገጥሙ ድረስ ግን ደጋግመህ አስነቀልኸኝ።

ቤቱ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው እኅቴ ሰናይት ደወለችልኝ። ከምኖርበት ሰፈር ከሰቨን ሲስተርስ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር፤ ሥራ እንዳላረፍድ ልቤ ተንጠልጥሏል። በረንዳውን ምን እናድርገው ብትለኝ፣ ቶሎ ነቅላችሁ እሰሩትና ከእማዬ ጋር ይሂድ አልኋት። ቁጥር ጻፉበት ግን አላልሁም።

ጥፋቴን ያስተዋልሁት ከራሜሽ ጋር ሻይ ስጠጣ ነው። ራሜሽ አህመዳባድ ከሚባል ትልቅ የህንድ ከተማ የመጣ፣ አብሮኝ የሚያጸዳ ሽማግሌ ነው። የአባቱን ቤት ፎቶ አሳየኝ፤ የተቀረጸው በረንዳ ከእኛው ጋር የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ቤታችንን የጥንት የህንድ አናጢዎች ሠሩት ስትለኝ አላምንህም ነበር፤ አሁን አመንሁ። በእነርሱ ከተማ ባቡሩ ከአሮጌው ሰፈር ሥር በመሬት ውስጥ ያልፋል፤ ቤቱንም ያለ ፈቃድ መንካት አይቻልም አለኝ። ቀናሁ። እርሱ ግን ሳቀብኝ፦ «ምን ያስቀናሃል? ልጆቼ መኪና የሚቆምበት አፓርታማ ይሻለናል ብለው ከወንዙ ማዶ ገቡ። የከተማው ሹም የሚጠብቀው አሁን ርግቦች ብቻ የሚኖሩበትን ባዶ ቤት ነው።» ቀጥሎም የእኛው ሲነቀል ቁጥር ተጽፎበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የእነርሱም አናጢዎች እንዲሁ ያደርጋሉና። ለሰናይት ሳልነግራት የቀረሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

አሁን የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ደረጃ ሥር የተከመረውን እንጨት እስከ እሑድ አንሡ ብሏል። ሰናይት እንጨቱን በእማዬ አዲስ ቤት በረንዳ ላይ የሚገጥም አናጢ አግኝታለች፤ ቅደም ተከተሉን ንገረን ብላ የሁሉንም ፎቶ ላከችልኝ። በየባቡሩ ስመለከተው ሰነበትሁ። ሰባቱን ለየሁ፤ እማዬ የልብስ ገመድ እያሰረችበት የጎደጎደውን፣ እኔ በሚስማር የጫርሁትን። የቀሩትን አሥራ አንዱን አላወቅኋቸውም። አንተ ብትሆን በጣትህ ዳስሰህ ትለያቸው ነበር።

ዛሬ ለሰናይት፣ ሰባቱን በቦታቸው፣ የቀሩትን እንደ መጣላችሁ ግጠሙ፤ እንቢ ያለውም ይላግ አልኋት። ይህን ቃል በአንተ እንጨት ላይ እናገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እማዬ ጥላ ታገኛለች። የሚጠይቋትም ሰዎች አምሯል ይሏት ይሆናል፤ እርሷም ደስ ይላታል፤ እኔም ደስታዋን አላፈርስባትም። ለአንተ ግን ቃሌ ይህ ነው፦ ማንም አምሯል ባለ ቁጥር፣ ያንተ ከዚህ ይበልጥ ልክ እንደ ነበረ፣ ያዛባሁትም እኔ እንደ ሆንሁ በልቤ እናገራለሁ። ይህን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ሰው የለምና አልረሳውም።

ልጅህ፣
ከለንደን